ከመለቀቁ በፊት ማን ፈተነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ፣ ወለንጪቲ አካባቢ አንድ ያልተለመደ ነገር ተደረገ። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የታሸጉ ካርቶኖች አምጥቶ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም፤ መመሪያም አልነበረም። በካርቶኖቹ ውስጥ የነበሩት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶች ነበሩ። ተመሳሳይ ሙከራ ወንጪ ላይም ተካሂዷል። በየመንደሩ 20 ያህል ልጆች ተካፍለዋል።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ውጤቱን ለዓለም ተናገሩ። እንደ እሳቸው አባባል፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 አፕሊኬሽን ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ተዘመረ። በአምስት ወር ደግሞ ልጆቹ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ በራሳቸው መንገድ ከፈቱት።

ዓለም ይህን እንደ ተአምር ሰማው። ነገሩን በሌላ ዓይን ማየትም ይቻላል። በታብሌቶቹ ላይ የነበረው አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው። በሊኑክስ ዓለም ደግሞ የተዘጋ ነገር ሲከፈት ያየ፣ የማይሠራ ነገር ያገኘ ሰው ስም አለው፤ ፈታኝ ይባላል። ያገኘውን ይጽፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መልስ ያገኛል። በእነዚህ መንደሮች ግን በየሳምንቱ ሰው እየመጣ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይርና ልጆቹ ያደረጉትን ሁሉ የያዘውን መዝገብ ይወስድ ነበር። ግኝቱ የልጆቹ፣ ሪፖርቱ የሌሎች ነበር። ልጆቹ ተፈታኝ እንጂ ፈታኝ አልነበሩም።

ኢትዮጵያ ከኮምፒውተር ጋር ያላት ታሪክ በአብዛኛው ይህንኑ ይመስላል።

*

ሊኑክስ ሲባል አንድ ወጥ ዕቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በትክክል ሊኑክስ የሚባለው ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኘው እምብርቱ ነው። ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው ግን «ዲስትሮ» የሚባለውን ነው፤ ከርነሉን፣ ዴስክቶፑን፣ ብራውዘሩን፣ ፎንቱንና በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ፕሮግራሞችን አንድ ላይ አስማምቶ የያዘ ጥቅል። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሳንካው የሚፈጠረው ሲገጣጠሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተጀመረው ዴቢያን የዚህን ችግር መፍትሔ በሦስት ደረጃ አስቀመጠ። አዲስ ሥራ መጀመሪያ «ያልተረጋጋው» ክፍል ይገባል። ለተወሰኑ ቀናት ከባድ ሳንካ ካልተገኘበት ወደ «መፈተኛው» ያልፋል። መፈተኛው አንድ ቀን በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አይገባም፣ ማረም ብቻ ነው። ከባዶቹ ሳንካዎች ሲያልቁ «የተረጋጋው» ተብሎ ይለቀቃል። የእትሞቹ ስም የሚወጣው «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርያት ነው። ያልተረጋጋው ክፍል ዘላለም «ሲድ» ይባላል። ሲድ በፊልሙ ውስጥ የጎረቤቱ ልጅ ነው፤ አሻንጉሊት የሚሰብረው።

ሥርዓቱ በሙሉ የተመሠረተው ሰባሪው ልጅ ያስፈልጋል በሚል እምነት ላይ ነው። ወለንጪቲ ላይ የተገኘውም ይኸው ልጅ ነበር፤ ልዩነቱ ያየውን የሚጽፍበት መዝገብ ያልተሰጠው መሆኑ ነው።

*

መዝገቡ በእጅ ባልነበረበት ዘመን ምን እንደሆነ የፊደሉ ታሪክ ይናገራል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ከ200 በላይ ፊደላትን በጥቂት ቁልፎች ላይ ማሳረፍ ነበረባቸው። መፍትሔው ፊደሉን ከክፍልፋይ መገጣጠም ሆነ፤ መጀመሪያ ግዕዙ፣ ከዚያ ቅጥያው። ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ማሽኑ የተፈለሰፈው ለላቲን ስለነበር የታጠፈው ፊደሉ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ታሪኩ ተደገመ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው የተስፋፉበትን ዘመን የሚያስታውስ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላቱን የላቲን ሆሄ በተቀመጠበት ቦታ ላይ በራሱ ቅደም ተከተል ይተክላቸዋል። «ለ»ን ሁሉም በአንድ ቁጥር የሚጠራበት ስምምነት አልነበረም።

ስምምነቱ እንዲመጣ ከሠሩት መካከል በውጭ አገር የነበሩ ባለሙያዎች ይገኙበታል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት፣ «ሴራ» የተባለውን አዘጋጁ። ዛሬም ሊኑክስ ላይ አማርኛ ከሚጻፍባቸው መንገዶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ደግሞ የአማርኛን፣ የኦሮምኛን፣ የትግርኛንና የሌሎች የአገሪቱን ቋንቋዎች የቀንና የቁጥር አጻጻፍ የያዙ ፋይሎችን ለሊኑክስ አበረከተ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ የሊኑክስ ማሽኖች ውስጥ ተቀምጠዋል።

ያለ እነዚህ ሰዎች ይህ ጽሑፍ ራሱ በስልክ ላይ አይነበብም ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ቆየ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ2009 ታየ።

*

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2009 ዴቢያን 5.0 «ሌኒ» ተለቀቀ። ቀደም ሲል የታሰበው ለሴፕቴምበር 2008 ነበር፤ ከባድ ሳንካዎች ስላላለቁ አምስት ወር ዘገየ። ገበያ የሚያሯሩጠው ድርጅት ቢሆን ኖሮ ለቅቆ በኋላ ያርም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አባባል ዴቢያኖች ባይሰሙትም ይኖሩበታል።

ሌኒ በ63 ቋንቋዎች መጫን ይቻል ነበር። በዚያ እትም አዲስ ከገቡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የኢንስቶለሩ የጽሑፍ ገጽ የአማርኛን ፊደል ማሳየት ስለማይችል፣ አማርኛ የሚሠራው በሥዕላዊው ገጽ ብቻ ነበር። ቢሆንም አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ከባዶ ተነሥቶ በራሱ ቋንቋ እየተጠየቀና እየመለሰ ማሰናዳት ቻለ።

በዚያው እትም አንድ ቋንቋ ወጣ፤ ኢስቶኒያኛ። ምክንያቱ ፖለቲካም ገንዘብም አይደለም፤ ትርጉሙን ያደሰ ሰው አልነበረም። ኢስቶኒያ በዲጂታል መንግሥቷ በዓለም የምትጠቀስ አገር ናት። ቴክኖሎጂ አላነሳትም። ያነሳት በዚያ የፈተና ወቅት መጥቶ «ይህ መስመር ተቀይሯል፣ ላስተካክል» የሚል ሰው ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ቋንቋ በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚቀመጠው አንዴ ስለገባ አይደለም፤ በየእትሙ የሚፈትነው ሰው ስላለ ነው። ቦታው የርስት ሳይሆን የተራ ነው። ተራውን ያልጠበቀ ይወጣል።

*

እዚህ ላይ «ማኅበረሰቡ ያየዋል» የሚል መዘናጋት ይመጣል። ዴቢያን ራሱ በዚህ መዘናጋት ተቀጥቷል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2006 ምስጢራዊ ቁልፎችን በሚያመነጨው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ትንሽ ማስተካከያ ተደረገ። ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ መስመር ተቆረጠ። ሁሉም ነገር መሥራቱን ቀጠለ። በ2007 አዲስ እትም ወጣ፤ ያም ሠራ። ሳንካው የተገለጠው በሜይ 2008 ነው። በዚያ መስመር መቆረጥ ምክንያት በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ የሚመነጩት የአንድ ዓይነት ቁልፎች ከ32,768 አይበልጡም ነበር፤ ለአጥቂ ኮምፒውተር ቁጥሩ ምንም ማለት አይደለም። ሃያ ወር ሙሉ በሩ የተቆለፈ መስሎ ክፍት ኖረ።

ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር። ሁሉም ማየት ይችል ነበር። ሁሉም ማየት መቻሉ ግን አንድ ሰው አይቷል ማለት አይደለም።

*

አዳማ ላይ ሆኖ ካልተፈተነ በስተቀር የማይታይ ምን አለ? ብዙ ነገር አለ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ማሽኑ ጠዋት 7 ሰዓት ሲል አዳማ ላይ አንድ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ወር ነው። የአማርኛው ፋይል ወራትን «ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ» ብሎ ይጽፋል፤ ሥርዓቱ የተሠራው ለ12 ወር ስለሆነ መስከረምም ጳጉሜም የሚገቡበት ቀዳዳ የለም። ሦስተኛው የይለፍ ቃል ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ የይለፍ ቃል ያወጣ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራ መግቢያው ላይ ያለው ኪቦርድ ላቲን ከሆነ ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ ይቀራል። ይህን የሚያውቀው በሁለት ፊደል የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው።

አራተኛው ኦሮምኛ ነው። ቁቤ በ1991 እ.ኤ.አ. በይፋ ተቀባይነት ሲያገኝ በላቲን ፊደል መሆኑ የፎንትን ችግር አስቀረ። ሌላ ግን አመጣ። «ሁዳ» የምትባለው ከላይ የምትቀመጥ ጭረት በቋንቋው የድምፅ ምልክት ናት። ማሽኑ የጥቅስ ምልክት አድርጎ ከቆጠራት ግን ቃሉን ለሁለት ይሰብረዋል፣ የፊደል አራሚውም ሁለቱንም ቁራጭ ስሕተት ይላቸዋል። አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ላይ በየቀኑ ደብዳቤ የሚጽፍ የቢሮ ሠራተኛ ይህን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገኘዋል።

አምስተኛው መብራት ነው። ቆቃ ግድብ ቅርብ ቢሆንም መብራት ይጠፋል። ጭነቱ ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? አውሮፓ ውስጥ ላለ ፈታኝ ይህ ጥያቄ ትዝ አይለውም። ስድስተኛው ኢንተርኔት ነው። በ2020 ክረምት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ዕቃውን ሁሉ ከመረብ የሚያወርድ ኢንስቶለር ምንም ዋጋ አልነበረውም። ሙሉ ጥቅሉ በፍላሽ ላይ መኖሩና ያለ መረብ መሥራቱ እዚህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ይህን ለመፈተን ፕሮግራመር መሆን ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ፍላሽና ትዕግሥት ነው። ጥሩ የሳንካ ሪፖርት አራት ነገር ይናገራል፤ ምን ተደረገ፣ ምን ተጠበቀ፣ ምን ሆነ፣ ሲደገምስ ይደገማል ወይ። በ1,000 ለውጦች መካከል የተደበቀ ሳንካ እንኳ በየጊዜው ግማሹን እየጣሉ ቢፈልጉት በ10 ሙከራ ይገኛል። ሥራው ከጥበብ ይልቅ ትጋት ይፈልጋል።

*

ጉዳዩ ለምን ዛሬ ይነሣል? ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 የማይሸከሙ ኮምፒውተሮች በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው አሉ። ለእነሱ የቀረው መንገድ መጣል፣ ያለ ጥበቃ መጠቀም ወይም ሊኑክስ ነው። ግን ሊኑክስም አይጠብቅም። በኦገስት 2025 የተለቀቀው ዴቢያን 13 ለአሮጌዎቹ ባለ 32 ቢት ማሽኖች ኢንስቶለርም ከርነልም የለውም። ውሳኔው የተላለፈው ከመለቀቁ በፊት ነው፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሁሌም የሚተላለፈው ያኔ ነው። ከተለቀቀ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ ደብዳቤ ነው፤ ከመለቀቁ በፊት የሚመጣ ሪፖርት ግን ድምፅ ነው።

አዳማ ለዚህ ሥራ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የጀመረው ተቋም ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ በየዓመቱ አለ። ከተማዋ በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል ትጽፋለች። እንዲህ ያለ የመፈተኛ ወንበር በገንዘብ አይገዛም።

በ2012 ወለንጪቲ አካባቢ ካርቶኑን የከፈቱት ልጆች ያኔ የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ላይ ነበሩ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ቀጣዩ የዴቢያን እትም «ፎርኪ» አሁን በመፈተኛው ክፍል ውስጥ ነው። የሳንካ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። ካርዱን ቀይሮ ሪፖርቱን የሚወስድ ሰው መጠበቅ አያስፈልግም።