በዘር የሚወረስ የመከላከያ ኃይል ጉድለትና የታማሚ ቤተሰቦች ድርሻ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ሕመሙን የሚደብቀውን ሰው ለመገሠጽ የተነገረ ነው። ይሁን እንጂ ታማሚው ሳይሸሽገው ራሱን የሚሸሽግ በሽታም አለ። ሕፃኑ ሳል ይዞት ሲመጣ የሳንባ ምቹ ይታከማል፤ ወር ሳይሞላ ጆሮው መግል ሲያፈስ ለጆሮው መድኃኒት ይታዘዛል፤ ቀጥሎም ተቅማጥ ሲያዳክመው ለተቅማጡ ይታከማል። እያንዳንዱ ሕመም በየራሱ ስም በካርዱ ላይ ሲሰፍር፣ የሁሉም ምንጭ የሆነው አንድ ምክንያት ሳይጻፍ ይቀራል። ይህን ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትጠረጥረው ልጁን ያዘለችው እናት ናት። «ታላቅ ወንድሙም እንዲሁ ሲያደርገው ቆይቶ ነው ያረፈው» ስትል፣ ንግግሯ የሐዘን ብቻ ሳይሆን የምርመራም ቃል ነው። በዘር የሚወረስ የመከላከያ ኃይል ጉድለት የሕክምና ታሪክ በከፊል ይህ ቃል ሰሚ ያገኘበትና ያጣበት ታሪክ ነው።

ሰውነት ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚከላከልበት ሥርዓት በብዙ ጂኖች ትእዛዝ የሚሠራ በመሆኑ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሚከተለው ሕመም ዓይነቱ ብዙ ነው። ዛሬ ተለይተው የታወቁት በዘር የሚወረሱ ጉድለቶች ከ450 በላይ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በታሪክ ጎልተው የሚታዩት ሁለት ናቸው። አንደኛው በደም ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው ተከላካይ ፕሮቲን የማይገኝበት ሕመም ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮቲኑም ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋሳቱም ባንድነት የሚጎድሉበት ከባድ ጥምር ጉድለት ነው። የመጀመሪያው በዋነኛ መልኩ፣ ሁለተኛውም በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ካለ ጂን ጉድለት የሚመጣ ነው። ስለዚህ እናት ራሷ ጤነኛ ሆና ጉድለቱን ትሸከማለች፤ የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅም እኩሌታውን ያህል የመታመም ዕድል አለው። ወንዶቹ ልጆች በተከታታይ እየታመሙ ሲያልቁ ሐዘኑ በእናቲቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በእኅቶቿና በሴት ልጆቿም ላይ የሚያንዣብበው በዚህ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሕክምና ታሪክ በ1952 ይጀምራል። በዋሽንግተን ይገኝ በነበረው የዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ኮሎኔል ኦግደን ብሩተን አንድ የ8 ዓመት ልጅ ያክሙ ነበር። ልጁ በ4 ዓመት ውስጥ 19 ጊዜ ያህል ደም በሚመርዝ ኢንፌክሽን ታምሟል። ብሩተን የደሙን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል ለይቶ በሚያሳየው መሣሪያ ሲያስመረምሩ የጋማ ግሎቡሊኑ ሥፍራ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኤድዊን ኮን በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕላዝማን በቀዝቃዛ አልኮል እየለዩ የሚያዘጋጁበትን ዘዴ አስገኝተው ስለነበር የጎደለውን ፕሮቲን ከጤነኛ ሰዎች ደም ማግኘት ተችሎ ነበር። ብሩተንም ይህንኑ በየወሩ ከልጁ ቆዳ ሥር በመርፌ ሰጡት፤ ተደጋጋሚው ኢንፌክሽንም ቆመለት። በዚህ አኳኋን ሕመሙም ሕክምናውም ባንድ ጽሑፍ ለዓለም ታወቀ።

ይሁን እንጂ ሕክምናው የሚተካ እንጂ የሚያድን አልነበረም። በደም ውስጥ የገባው ፕሮቲን በሦስት ሳምንት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ መርፌው ዕድሜ ልክ የማይቋረጥ ነው። ከብሩተን በኋላ በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ መድኃኒቱ ይሰጥ የነበረው በአብዛኛው በጡንቻ ነው። በጡንቻ የሚሰጠው መጠን አነስተኛ፣ ሥቃዩም ከባድ ነበረና፣ ልጁ ቀኑ ሲደርስ ከወላጁ ጉያ ተሸሽጎ ሲያለቅስ፣ ወላጁ ደግሞ እየራራ አጥብቆ ሲይዘው ዘመን አለፈ። ሕክምናውን በትክክል ማዘዝ የሐኪሙ ተግባር ሲሆን፣ ሳይጓደል እንዲፈጸም ማድረግ ግን የቤተሰቡ ዕዳ ሆነ። በደም ሥር የሚሰጠው ዝግጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሥራ ላይ ሲውል በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በቂ መጠን ለመስጠት ተቻለ። በምላሹም ለሰዓታት በሆስፒታል ተኝቶ መዋል ግድ ሆነ።

የጥምር ጉድለቱ ታሪክ ከዚህ ይበልጥ የመረረ ነው። በዚህ ሕመም የተያዙት ሕፃናት ተከላካይ ሕዋሳትም ስለሌሏቸው ጋማ ግሎቡሊን ብቻውን አያተርፋቸውም፤ ሳይታከሙም ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በ1968 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ጉድ ቡድን ከእኅቱ መቅኔ ወስዶ ለአንድ የ5 ወር ሕፃን በመስጠት የመከላከያ ኃይል እንዲያገኝ አደረገ። ያ ሕፃን የተወለደው በእናቱ ወገን በርካታ ወንዶች ሕፃናት ካለቁበት ቤተሰብ ነበር። የተገኘው ድል ግን ወዲያው አዲስ ጥያቄ አስከተለ። የመቅኔ ዓይነቱ የሚስማማ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ልጅ ምን ይደረግ?

ለዚህ ጥያቄ ተግባራዊ መልስ ከሰጡት አንዷ የሙያ ሰው አልነበረችም። ሸርሊ ኖላን የተባለችው እናት አንተኒ የተሰኘ ልጇ ዊስኮት አልድሪክ በተባለው የዘር ሕመም ታሞባት ነበር። በ1973 በለንደን ለአንድ የመከላከያ ኃይል ጉድለት ላለበት ሕፃን ዝምድና ከሌለው ሰው የተወሰደ መቅኔ መሰጠቱ በታወቀ ጊዜ፣ ለልጇ የሚስማማ ባዕድ ለጋሽ ለማግኘት በ1974 የበጎ ፈቃደኞችን መዝገብ አቋቋመች። ለአንተኒ የሚስማማ ለጋሽ ሳይገኝ ቀርቶ በ1979 በ7 ዓመቱ ዐረፈ። መዝገቡ ግን አልተዘጋም፤ በስሙ ተሰይሞ በርካታ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ለማትረፍ በቃ። እናቲቱ ያቋቋመችው ለአንድ ልጅ ነበር፤ የተጠቀመበት ግን ሌላው ነው።

በዚያው ዘመን በቴክሳስ የዳዊት ቬተር ሕይወት የዓለምን ዓይን ስቦ ነበር። ወላጆቹ ታላቅ ወንድሙን በዚሁ ሕመም አጥተው ስለነበር የወሊዱ ዝግጅት አስቀድሞ ተደረገ። ዳዊት መስከረም 21 ቀን 1971 በቀዶ ሕክምና ተወልዶ ወዲያውኑ ከጀርም በጸዳ የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ገባ። የታሰበው ከእኅቱ የሚስማማ መቅኔ ተወስዶለት በአጭር ጊዜ እንዲወጣ ነበር፤ የእኅቱ መቅኔ ግን አልተስማማም። በመሆኑም ለጥቂት ጊዜ የታሰበው ክፍል 12 ዓመት ኖረበት። ወላጆቹ ተመሳሳይ ክፍል በቤታቸው አዘጋጅተው፣ ምግቡና መጫወቻው ከጀርም እየጸዳለት፣ በግድግዳው ላይ በተሰፋ ጓንት እየዳሰሱ አሳደጉት። በ1983 የእኅቱ መቅኔ በአዲስ ዘዴ ተጣርቶ ተሰጠው። በመቅኔው ውስጥ ተሰውሮ የነበረ ቫይረስ ግን ካንሰር አስነሣበትና የካቲት 22 ቀን 1984 ዐረፈ። እናቱ ያለ ጓንት የዳሰሰችው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ በመጨረሻዎቹ ቀኖቹ ነበር። ሕይወትን ማቆየትና መኖር አንድ ናቸውን የሚለው ጥያቄ፣ ያንን ለሕፃን ሊወስን የሚገባውም ማን ነው የሚለው ክርክር፣ ከዚህ ታሪክ በኋላ ከሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት አልተለየም።

ሕክምናው ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባበትም መንገድ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በ1980 በአሜሪካ ሜልቪን በርገርና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን በትንሽ ፓምፕ አማካይነት ከቆዳ ሥር ቀስ አድርጎ ማስገባት እንደሚቻል አሳዩ። በ1991 ደግሞ በስዊድን ነርሷ አን ጋርዱልፍና ባልደረቦቿ ታማሚዎች ተገቢውን ትምህርት ካገኙ በቤታቸው ራሳቸው በፍጥነት ሊወስዱት እንደሚችሉ ገለጹ። ወላጅ እጁን ታጥቦ፣ መርፌውን በልጁ ሆድ ወይም ጭን ቆዳ ሥር ሰክቶ፣ የመድኃኒቱን ቁጥርና ቀኑን በደብተር መዝግቦ የሚውልበት ሥርዓት በዚህ ተስፋፋ። በዚህ ለውጥ ውስጥ የነርሷ ተግባር መርፌ ከመውጋት ይልቅ መርፌ የሚወጋውን ማስተማር ሆነ። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ቀን ቀነሰ፤ ሆኖም በልጅ ላይ መርፌ መሰካት ለወላጅ ቀላል ሥራ እንዳይመስል ያስፈልጋል። ስለዚህ በቤት መታከም ምርጫ እንጂ ግዴታ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሙያው ኃላፊነት ነው።

ቤተሰቦች በማኅበር መደራጀት የጀመሩትም በዚያው አሥርት ዓመት ነው። በአሜሪካ በ1980 ማርሻ ቦይል የተባለች እናት ከሌሎች ጋር ሆና የመከላከያ ኃይል ጉድለት ፋውንዴሽንን መሠረተች። በ1987 ደግሞ ፍሬድና ቪኪ ሞዴል የ15 ዓመት ልጃቸውን ባጡ ማግሥት በስሙ የተሰየመ ተቋም አቆሙ። የእነዚህ ማኅበራት ጥቅም በተለይ የታየው አደጋ በደረሰ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ከብዙ ሺህ ለጋሾች ፕላዝማ ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ በመሆኑ የአንዱ ለጋሽ ሕመም ለብዙዎች ሊተርፍ ይችላል። በአልኮል የመለየቱ ዘዴ የኤድስን ቫይረስ የሚያከሽፍ ሆኖ ቢገኝም፣ በ1994 በደም ሥር ከሚሰጡት ዝግጅቶች አንዱ ሔፓታይትስ ሲ በማስተላለፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ሕይወት ሊያቆይላቸው የተሰጣቸው መድኃኒት ጉበታቸውን የጎዳባቸው ታማሚዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቫይረስን የሚያጠፉ ተጨማሪ እርምጃዎች ተጠናከሩ፤ ቤተሰቡም የጠርሙሱን የመለያ ቁጥር የሚመዘግበው በከንቱ እንዳልሆነ ታወቀ።

የጂን ሕክምናም የጀመረው በእነዚሁ ቤተሰቦች ፈቃድ ነው። መስከረም 14 ቀን 1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አንዲት የ4 ዓመት ልጅ የጎደላት ጂን በራሷ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተጨምሮ ተሰጣት። በፓሪስ ኔከር ሆስፒታል የአለን ፊሸርና የማሪና ካቫዛና ቡድን በ1999 የጀመረው ሕክምናም ለብዙዎቹ ሕፃናት የመከላከያ ኃይል አስገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በፓሪስና በለንደን ከታከሙት 20 ሕፃናት 5ቱ በደም ካንሰር ሲያዙ አንዱ ሞተ። ዘዴው ተሻሽሎ ሕክምናው ቢቀጥልም፣ ወላጅ ፊርማውን ሲያኖር በሚታወቅ ሞትና በማይታወቅ አደጋ መካከል ይመርጥ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

በመጨረሻም ትልቁን ለውጥ ያመጣው ጊዜን መቅደም ነው። በ2008 የዊስኮንሲን ግዛት ለአራስ ሁሉ ከተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ የጥምር ጉድለቱን መመርመር ጀመረ፤ በ2018 መጨረሻ ምርመራው በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ተዳርሶ ነበር። ኢንፌክሽን ሳይጀምራቸው፣ በተለይም ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላቸው መቅኔ የተሰጣቸው ሕፃናት በአብዛኛው እንደሚተርፉ ተረጋግጧል። የቀድሞው ቤተሰብ ሁለተኛውን ልጅ ለማትረፍ የመጀመሪያውን መቅበር ነበረበት፤ ምርመራው ይህን አስቀረ።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የክትባት መርሐ ግብር በአገሪቱ ከተጀመረበት ከ1980 ወዲህ በሽታን በመከላከል ረገድ ያስገኘው ጥቅም የታወቀ ነው። ሆኖም በልደት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ሕያው ባክቴሪያ ያለበት በመሆኑ፣ ጥምር ጉድለት ባለበት ሕፃን ላይ በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ይችላል። ይህ ክትባቱን የሚያስነቅፍ ሳይሆን፣ ክትባቱን የሚሰጠው ባለሙያ አስቀድሞ አንዲት አጭር ጥያቄ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ነው፤ «ከዚህ በፊት የሞተ ሕፃን አለ ወይ? የእኅትሽስ ልጆች?» ብሎ መጠየቅ መሣሪያም ገንዘብም አይፈልግም። ኢንፌክሽን በበዛበት አገር የሕፃን ሞት ሁሉ ለኢንፌክሽን ስለሚሰጥ፣ ጉድለቱ በይበልጥ የሚሸሸገው በዚያው ነው።

ከብሩተን መርፌ እስከ ጂን ሕክምና ያለው ዘመን የታላላቅ ሐኪሞች ስም የተጻፈበት ነው። ነገር ግን የተቀበሩትን የቆጠሩ፣ ደብተር የያዙ፣ መርፌ የጨበጡና መዝገብ ያቋቋሙ ወላጆች ባይኖሩ የሐኪሞቹ ሥራ ከግማሽ መንገድ በቀረ ነበር። ባለሙያው ለእነርሱ ሊከፍል የሚችለው ብድር ከሁሉ አስቀድሞ ማዳመጥ ነው። ልጇን ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰች እናት ካርዱ ያልያዘውን ታሪክ ይዛ መጥታለችና፣ ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ትጠየቅ።