የልብ ደም ሥር ሕመም ከልጅነት እንደሚጀምር እንዴት ታወቀ?

አንድ አባል በድንገት ሲለየን በለቅሶው ድንኳን «ትናንት እኮ ደኅና ነበር» ሲባል እንሰማለን። ታዲያ ትናንት ደኅና መምሰሉ ብዙ ሐኪሞችንም አታሎ ኖሯል፤ የደም ሥር መጥበብ የሽማግሌ ሕመም ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ይታመን ነበርና።

የጀርመኑ ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ገና እ.ኤ.አ. በ1856 ነገሩ የደም ሥር ግድግዳ መቆጣት ነው ብሎ ጽፏል። በ1913 ደግሞ በሩሲያ ኒኮላይ አኒችኮቭና ባልደረባው ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟምተው ጥንቸሎችን ቢመግቡ፣ የጥንቸሎቹ ደም ሥር ስብ ቋጠረ። ብዙዎች ግን «ጥንቸል ሣር በላ ናት፤ ከሰው ምን አገናኛት?» ብለው አለፉት።

ነገሩን የገለጠው ጦርነት ነው። በኮሪያ የሞቱ የ300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 ታተመ። (በዚያ ጦርነት የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችንም ተዋግተዋል፤ የተመረመሩት ግን አሜሪካውያኑ ናቸው።) አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ሲሆን፣ ከመቶው 77 ያህሉ የልባቸው ደም ሥር ታሞ ተገኘ። እንግዲህ በ22 ዓመቱ እንዲህ የሆነ ሰው ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው?

መልሱ ከአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ከቦጋሉሳ ከተማ መጣ። ዶክተር ጄራልድ ቤረንሰን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የከተማዋን ልጆች ክብደት፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ሲከታተል ኖረ። በአደጋና በሌላ ምክንያት የሞቱት ወጣቶች ሲመረመሩ፣ በ1998 እንደታተመው፣ ከ2 እስከ 15 ዓመት ከነበሩት ግማሽ ያህሉ በልባቸው ደም ሥር የስብ መስመር ተገኝቶባቸዋል። ይህ ማለት ልጆቹ ታመው ነበር ማለት አይደለም፤ ዘሩ ግን ተዘርቷል።

የቪርኾም ቃል ተመልሶ መጣ። በ1999 ራስል ሮስ እንዳብራራው፣ ስብ ከደም ሥር ግድግዳ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች እንደ ጠላት ይከቡታል፤ ውጠውት ያብጣሉ፤ ግድግዳውም ይቆጣል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ባላቸው ልጆች ደም ውስጥም የዚህ ቁጣ ምልክት ከፍ ብሎ ይታያል። እኛ ግን «ልጄ ወፈረልኝ» ብለን ለስላሳና ብስኩት እንጨምርለታለን!

በፊንላንድ፣ በቱርኩ ከተማ፣ ከ1990 ጀምሮ ከ1000 በላይ ሕፃናት ገና በ7 ወራቸው ጥናት ውስጥ ገቡ። የግማሾቹ ወላጆች የሥጋና የቅቤ ስብ እንዲቀንሱ፣ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ እንዲጨምሩ ሲመከሩ አደጉ። የልጆቹ መጥፎ ኮሌስትሮል ከሌሎቹ ዝቅ አለ። እናቶችን የሚያሰጋው ነገርም ታይቷል፤ ቁመታቸውም እድገታቸውም አልተጓደለም።