የአንኮበር ጠመንጃና ክረምቱ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ጠመንጃ ከሚተኮስበት ቀን ይልቅ ተሰቅሎ የሚከርምበት ቀን ይበዛል። አንኮበር ከአፋር ቆላ በላይ ቀጥ ብሎ በወጣው ገደል አፋፍ ላይ በመሆኗ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ሽቅብ ወጥቶ ጉም ይሆንባታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ብረት ሳይነካ ይዝጋል፤ ባሩድ ይረጥባል። ዘመቻ ደግሞ በበጋ ነበር። ስለዚህ የአካባቢው የጦር መሣሪያ ታሪክ ጠመንጃው በየት መጣ፣ ስንት ሆነ ከሚለው ባልተናነሰ ክረምቱን እንዴት አለፈ የሚለውንም ይይዛል፤ ጸሐፊዎች ግን የሚቆጥሩት የመጣውን ብቻ ነው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) ጠመንጃ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በ1833 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ በአልዩ አምባ በኩል ሲወጣ ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ 300 ጠመንጃና መድፍ ነበረበት። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተፈረመ። መሣሪያው የገባው ክረምቱ በከበደበት ወር መሆኑ ልብ ይሏል። በመስቀል ንጉሡ ሠራዊታቸውን ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያሰልፉ ስለነበር ነፍጠኛው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ በአደባባይ ይታያል፤ ክረምቱን በዝገት ያሳለፈ ጠመንጃ በዚያ ቀን ባለቤቱን ያሳፍራል።

ከሁሉ አስቸጋሪው ባሩድ ነበር። ድኙ ከአፋር ቆላ፣ ከዶፋን ተራራ ይመጣል፤ ከሰሉ ከየአካባቢው እንጨት ይገኛል። የፈረንሳዩ መንገደኛ ሮሼ ዴሪኩር ለንጉሡ የባሩድ መፍጫ አምጥቶ ነበር። ችግሩ ግን መፍጨቱ ላይ አልነበረም። ሦስተኛው ቅመም፣ ከአፈር የሚታጠበው ጨው፣ በሚገባ ካልተጣራ ከአየር እርጥበት የሚስቡ ሌሎች ጨዎች አብረውት ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ባሩድ አንኮበር ላይ አንድ ክረምት ቢቀመጥ ይጓጉላል፤ ፀሐይ ላይ አስጥተው ቢያደርቁትም አነዳደዱ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በቀንድና በቆዳ ዕቃ አፉን አጥብቆ መያዝ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ መስቀልም ከዚህ የመጣ ብልሃት ነው። ጭስ ያለበት ቤት ደረቅ ስለሆነ ለጠመንጃው ይመቻል፤ ባሩዱን ግን ከእሳቱ ማራቅ ግድ ነው።

ጥቁር ባሩድ ሲነድ ግማሽ ያህሉ አመድና ጨው ይሆናል፤ ከዚህም ከፊሉ በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ይህ ጥላሸት ውኃ ይስባል፤ ሳይታጠብ ያደረ ጠመንጃ በማግስቱ ውስጡ ይቀላል። ቅቤ ወይም ሞራ ብቻውን አያጸዳውም፤ ቆሻሻውን ከነጨው ሸፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ በጨርቅ መወልወል፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በስስ መቀባት ነው።

ጥይቱም የራሱ ዕቃ ነበረው። ከፊት በሚጎርሰው ጠመንጃ ዘመን የእርሳሱ ድቡልቡል የሚወጣው የቀለጠ እርሳስ መቆንጠጫ በሚመስል የብረት ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው። ድቡልቡሉ ከአፈሙዙ ቢሰፋ አይገባም፤ ቢጠብ ደግሞ የባሩዱ ኃይል በጎኑ ያመልጣል። ስለዚህ ቅርጹ የተዛነፈ ወይም የዛገ እንደሆነ ጠመንጃው ደህና ቢሆንም ጥይቱ ይበላሻል። ቅርጹ ከሥራ በኋላ ይቀባል፤ እንደገና እርሳስ ከመፍሰሱ በፊት ግን ቅባቱ ተጠርጎ መሞቅ አለበት። ቅባት የነካው ወይም የቀዘቀዘ ቅርጽ እርሳሱን ያሸበሽበዋል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ወደ አንኮበር ከተመለሱ በኋላ የጠመንጃው አመጣጥ ተለወጠ፤ አንዱ በር ጣሊያን ሆነች። በ1869 ዓ.ም. ማርኪስ አንቲኖሪ ለሚመራው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጡ። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የተደረገው ውል 5,000 ረሚንግተን ጠመንጃ ቃል ያስገባ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥር 1879 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ገጣሚው አርቱር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎችን ጭኖ አንኮበር ደርሶ ወደ እንጦጦ አልፏል፤ ከንግዱም እንዳሰበው አላተረፈም።

ከኋላ ከሚጎርሱት ውስጥ በገጠሩ ሥር የሰደደው ውጅግራ ነው። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ይህ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ አለው። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ 25 ግራም እርሳስ ሲሆን በነሐስ ቀለሃው ውስጥ ከ5 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ይይዛል። በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ሰምና ስብ ይደረጋል፤ ጥላሸቱን የሚያለሰልሰው እርሱ ነው። ሰም ብቻውን በደብረ ብርሃን ውርጭ ይደርቃል፤ ስብ ብቻውን ቆላ ሲወርዱ ቀልጦ ባሩዱን ያረጥበዋል። ቀለሃው ተስተካክሎ እንደገና ይሞላ ስለነበር ባዶው እንኳ አይጣልም። ጥይት ከአሞሌ ጎን የገበያ መገበያያ እስከ መሆንም ደርሶ ነበር። የተተኮሰ ቀለሃ ግን ቶሎ ካልታጠበ ከውስጥ ተበልቶ ሲተኮስ ይቀደዳል።

የለበንና የምንሽር ዓይነት ጢስ አልባ ጥይት ሲበረክት ጥይትን በቤት የመሥራቱ ሙያ እየከሰመ ሄደ። ጥይታቸው መዳብ ቀመስ ልባስ ያለው ነው፤ ፍጥነቱን የቤት እርሳስ አይችለውም፤ ባሩዱም በመንደር አይሠራም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት የሸዋ አርበኞች ለጥይት በብዛት የተመኩት ከጠላት በሚማረከው ላይ ነበር። የቅርጹና የሰሙ ሥራ ቢቀርም የሙቅ ውኃው ግን አልቀረም፤ የዚያ ዘመን ጥይት መለኮሻ በአፈሙዙ ውስጥ የሚያዝግ ጨው ይተው ስለነበር አዲሱም ጠመንጃ ከተኩስ በኋላ እንደ ውጅግራው ይታጠብ ነበር።