ስምና ቍጥር፤ የቤተሰብ ጨዋታ ሰርቨሮች የተጫዋቾችን የስም ለውጥ ያስተናገዱበት ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። የዚህ ዘመን ልጅ ግን በኮምፒዩተር ጨዋታ ዓለም የሚጠራበትን ስም መልአክም ወላጅም ሳያማክር ራሱ ያወጣዋል። በዘጠኝ ዓመቱ የወደደው ስም በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ያሳፍረዋልና ሊለውጠው ይፈልጋል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ተሰርዞ በምትኩ ሌላ ይጻፋል። ዳሩ ግን በዚያ ስም የተመዘገበ ቤት፣ የተቈለፈ ሣጥን፣ የተሰጠ ፈቃድና የተጣለ እገዳ እንዳለ ሲታሰብ ጥያቄው ይከብዳል። ስሙ ሲለወጥ ንብረቱ የማን ይሆናል? እገዳውስ ማንን ይከተላል? የተተወውን ስም ሌላ ሰው ቢያነሣው፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ በምን ያውቃሉ?

ይህ ጽሑፍ ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ ዋና ምሳሌ በማድረግ የዚህን ጥያቄ ታሪክ በአጭሩ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከጨዋታው በፊት

ስምን ከማንነት መለየት ለሙያችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች የተሠራው ዩኒክስ እያንዳንዱን ፋይል በባለቤቱ ስም ሳይሆን በባለቤቱ ቍጥር ይመዘግብ ነበር። ስሙ የሚገኘው ቍጥሩንና ስሙን ጎን ለጎን በያዘ ሌላ ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው መጠሪያ ቢለወጥ የሚስተካከለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በሺህ የሚቈጠሩት ፋይሎቹ ባሉበት ይጸናሉ። የተዛማጅ መረጃ ቋት አባት የሚባለው ኤድጋር ኮድም በ1979 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰዎች የሚያውቁት መለያ ሊለወጥ ስለሚችል የመረጃ ቋቱ የራሱ የሆነ፣ ትርጕም የሌለውና የማይለወጥ ምትክ መለያ እንዲይዝ የሚለውን ሐሳብ ደግፎ አስፋፍቶታል። የጨዋታው ዓለም ይህንኑ ትምህርት ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቈይቶ በችግር እንደገና ተማረው።

ስም ቍልፍ በነበረበት ዘመን

ማይንክራፍት በስዊድናዊው ፕሮግራመር ማርኩስ ፔርሶን ተጀምሮ ለሕዝብ የቀረበው በግንቦት 2009 ሲሆን፣ ሙሉ ሆኖ የወጣው ኅዳር 18 ቀን 2011 ነው። ከጨዋታው ልዩ ጠባዮች አንዱ ማንኛውም ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የራሱን ሰርቨር ማቆም መቻሉ ነው። አባት ለልጆቹ፣ መምህርም ለተማሪዎቹ የተከለለ ዓለም ሊያዘጋጅ ቻለ። በ2013 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው የተቋቋመው ኦትክራፍት በዚህ ረገድ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ወደዚያ የሚገባው በቅድሚያ አመልክቶ የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ሰርቨሩ እያንዳንዱን ተጫዋች የሚያውቀው በስሙ ነበር። የልጁ የቆመበት ስፍራና በእጁ ያለው ዕቃ የሚቀመጠው በስሙ በተሰየመ ፋይል ነው። የተፈቀደላቸው፣ የታገዱና የቁጥጥር ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ደግሞ በየመስመሩ አንድ ስም በያዘ ተራ ጽሑፍ ይመዘገብ ነበር። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ቡኪት በተባለው መድረክ ላይ በፈቃደኞች የተሠሩት ተጨማሪ ፕሮግራሞችም ይህንኑ ተከተሉ። መሬት የሚያካልለው፣ ገንዘብ የሚቈጥረው፣ በር የሚቈልፈው ሁሉ ቍልፉ ስም ነበር። ሎኬት የተባለው ፕሮግራም እንዲያውም የሣጥኑን ባለቤት ስም የሚያነበው በሣጥኑ ላይ ከተለጠፈው የእንጨት ሰሌዳ ነበር።

ዛሬ ላይ ቆሞ ይህን አሠራር መንቀፍ ይቀላል። ነገር ግን በጊዜው ሁለት በቂ ምክንያቶች ነበሩት። አንደኛው፣ የጨዋታው ባለቤት ሞያንግ የስም ለውጥ ስለማይፈቅድ አንድ ስም ሁልጊዜ አንድ መለያን ብቻ ያመለክት ነበር። ሁለተኛው፣ ፕሮግራም መጻፍ የማትችል እናት እንኳ ፋይሉን ከፍታ የልጇን ጓደኛ ስም መጨመር ትችል ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ የተሳሳቱት የነበረውን እውነታ ባለማየታቸው አልነበረም፤ ለጊዜው እውነት የሆነውን ደንብ ለዘለዓለም የሚጸና ሕግ አድርገው በመውሰዳቸው ነው።

የ2014 ሽግግር

ሞያንግ የስም ለውጥ ለመፍቀድ ሲያስብ ቀድሞ መሠረቱን ማስተካከል ነበረበት። በሚያዝያ 2014 የወጣው 1.7.6 የተባለው እትም እያንዳንዱን ተጫዋች በስሙ ፈንታ ዩዩአይዲ በሚባል መለያ መዝግቦ ማስቀመጥ ጀመረ። ይህ መለያ የ128 ቢት ቍጥር ነው፤ ሲጻፍም በሠረዝ የተከፋፈሉ 32 የዐሥራ ስድስትዮሽ አኃዞች ይሆናል። ለመናገርም ሆነ በቃል ለመያዝ አይመችም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ማንም አይወደውም፣ ማንም አያፍርበትም፣ ስለዚህም ማንም ሊለውጠው አይፈልግም።

ሽግግሩ የሰርቨር ጠባቂዎችን ብዙ አደከመ። ጨዋታው ራሱ የያዛቸውን ፋይሎችና ዝርዝሮች፣ የየስሙን ቍጥር ከሞያንግ አገልግሎት እየጠየቀ ወደ አዲሱ ሥርዓት አዛወራቸው። በፈቃደኞች የተሠሩት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው በየደራሲያቸው መታደስ ነበረባቸው። ደራሲው ሥራውን ትቶ ከሄደ የሚያድሰው አልነበረም፤ የዚያ ሰርቨር ልጆች የከለሉት መሬትና ያጠራቀሙት ገንዘብ በአሮጌው ስም ታስሮ ይቀር ነበር። የሰርቨር ጠባቂው ምርጫ ሁለት ሆነ፤ ወይም መዝገቡን በእጁ ማዛወር፣ ወይም ዓለሙን ከባዶ መጀመር።

የስም ለውጥ ሲፈቀድ

መሠረቱ ከተስተካከለ በኋላ በየካቲት 2015 የስም ለውጥ ተፈቀደ። ደንቡ አጭር ነበር። አንድ ተጫዋች ስሙን ከለወጠ በኋላ እንደገና ለመለወጥ 30 ቀን ይጠብቃል፤ የተወው ስም ደግሞ ለ37 ቀን ለሌላ ሰው አይሰጥም። የሰባቱ ቀን ልዩነት ትርጕም አለው። የተጸጸተ ሰው 30ው ቀን ሲሞላ ወደ ቀድሞ ስሙ ይመለስ ዘንድ፣ ሌላው ሳይቀድመው የአንድ ሳምንት ፋታ ያገኛል።

በአዲሱ ሥርዓት እገዳ የሚከተለው ስምን ሳይሆን ቍጥርን ስለሆነ፣ በጥፋቱ የተባረረ ተጫዋች በዚያው መለያ ስሙን ብቻ ለውጦ መመለስ አልቻለም። ቤትና ሣጥንም ከባለቤቱ ጋር ጸኑ። የማሽኑ ጥያቄ በዚህ ተመለሰ ማለት ይቻላል። የሰዎቹ ጥያቄ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ቍጥር ያልፈታው ችግር

ልጆች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በስም እንጂ በ32 አኃዝ አይደለም። አንድ የታመነ ተጫዋች ስሙን ሲተው፣ ጊዜው አልፎ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ሰርቨሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ ግን አታውቅም። በላቲን ፊደል ትልቁ «አይ»ና ትንሹ «ኤል» በዓይን ስለሚመሳሰሉ፣ ስም ሳይነጠቅም ሊመሰል ይችላል። በተጨማሪም መጀመሪያ ሲገባ ጨዋ ስም ይዞ የተፈቀደለት ሰው፣ ከወር በኋላ ለልጆች ጆሮ የማይገባ ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። በበር ላይ የተደረገው ምርመራ በስም ለውጥ ምክንያት ከንቱ እንዳይሆን ያሰጋል።

ለዚህ ችግር ሌላ ጨዋታ ቀደም ሲል የራሱን መልስ ሰጥቶ ነበር። በጥቅምት 2005 የተከፈተውና በመጋቢት 2017 የተዘጋው ክለብ ፔንግዊን፣ እያንዳንዱ ልጅ የመረጠው ስም በተቆጣጣሪ ታይቶ እስኪጸድቅ ድረስ ልጁን በመለያ ቍጥሩ ብቻ ያሳየው ነበር። ልጁ ከመጫወት አልተከለከለም፤ ያልታየ ስም ግን በሌሎች ልጆች ፊት አልቀረበም። ጥንቃቄና ቸርነት አብረው የሄዱበት መፍትሔ ነው። የራሳቸውን ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ወላጆችና መምህራንም ከዚህ ብዙ ይማራሉ። አዲስ ስም እንደ አዲስ እንግዳ ይታይ፤ የተለወጠውን ስም ተቆጣጣሪዎች በመጀመሪያው መግቢያ ይወቁት፤ ስሙ የማይገባ ቢሆን ልጁ እንዲያስተካክለው ይነገረው እንጂ እንደ ወንጀለኛ አይባረር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ነው። የቀድሞ ስም ለሁሉ ይታይ ወይስ ይሰወር? ሞያንግ ለብዙ ዓመታት የማንኛውንም ተጫዋች የቀድሞ ስሞች ለጠየቀው ሁሉ የሚዘረዝር አገልግሎት ነበረው። ለተቆጣጣሪ እጅግ ጠቃሚ ነበር፤ አስመሳዩን ያጋልጣልና። ነገር ግን ስሙን የሚለውጠው ሁሉ አጥፊ አይደለም። አንዷ ልጅ የእውነተኛ ስሟንና የትውልድ ዓመቷን በመጫወቻ ስሟ ውስጥ አስገብታ ኖሮ፣ ወላጆቿ ሲያዩ አስለውጠዋት ይሆናል። ሌላው ሲያሳድዱት ከነበሩ ልጆች ለማምለጥ ለውጦት ይሆናል። ለእነዚህ የቀድሞው ስም በአደባባይ መቅረቱ ጥበቃ ሳይሆን አደጋ ነው። በአሜሪካ የሕፃናትን ግላዊ መረጃ የሚጠብቀው ደንብ በ2013 ሲሻሻል፣ ልጁን በቀጥታ ለማግኘት የሚያገለግል የተጠቃሚ ስም ከግል መረጃ እንዲቈጠር ተደርጓል። ሞያንግም በመስከረም 2022 የስም ታሪክ አገልግሎቱን ዘጋው፤ የሰጠው ምክንያትም የተጫዋቾች ደኅንነት ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሰርቨር የሚያውቀው ራሱ በበሩ ያየውንና የመዘገበውን ብቻ ሆነ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ትክክለኛ ቦታው ነው። የስም ታሪክ ልጆቹን ለመጠበቅ ኀላፊነት በተሰጣቸው ጥቂት ሰዎች እጅ ይቀመጥ፤ ለአደባባይ አይዘርጋ።

ከራስ የደረሰ

ይህ ጸሐፊ ስለ ነገሩ ያጠናው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ልጆች አንድ ትንሽ ሰርቨር አቁሜ ነበር። ከፊሎቹ የተገዛ መለያ ስላልነበራቸው፣ ማንነትን ከኩባንያው ጋር የሚያረጋግጠውን ክፍል ዘጋሁት። ያላስተዋልሁት ነገር፣ ማረጋገጫው ሲዘጋ ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ተጫዋች ቍጥር ከስሙ ቀምሮ እንደሚያወጣው ነው። ስሙ ከተለወጠ ቍጥሩም ይለወጣል፤ ቍጥር የተባለው ስም ራሱ ነው፣ ልብሱ ብቻ ተለውጧል።

ከእኅቴ ልጆች አንዱ ስሙን ለወጠ። ሲገባ በእጁ ምንም አልነበረም፤ ሦስት ወር የሠራው ቤት በርም አልከፈተለትም። ታናሹ ደግሞ የተተወውን ስም ወስዶ በዚያው ቀን ቤቱን ከነሣጥኑ ወረሰ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያው እኔ ነኝ» ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ዕቃውን በእጄ መለስሁለት፤ ፋይሉን በአዲሱ ቍጥር ማዛወር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል የገባውን ቅሬታ ማብረድ ግን ሳምንት ፈጀ። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ለሙያ ባልደረቦች

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ከጨዋታ ያለፈ ነው። በአገራችን የስም አጻጻፍ «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ»፣ «ሃይሉ» እያለ በአንድ ሰው ላይ ሦስት መልክ ይይዛል፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ መልኩ ይበዛል። ስምን ቍልፍ አድርገን የምንሠራው መዝገብ ሁሉ፣ የትምህርት ቤትም ይሁን የክሊኒክ፣ አንድ ቀን ባለቤቱን «አላውቅህም» ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ሥርዓት ስንነድፍ ስሙን ለሰው፣ ቍጥሩን ለማሽን እንስጥ። ዛሬ አይለወጥም የተባለው ነገ እንደሚለወጥ አስበን እንጀምር። ቍጥሩ ከስሙ የተቀመረ አለመሆኑንም ሥራው ሳይጀመር እንመርምር። ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላም ማሽኑ የማይመልሰው ጥያቄ እንደሚቀር አንርሳ፤ ይኸውም የቀድሞውን ስም ማን ይወቀው የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው። መሐንዲሱ የሚችለው፣ «ያው እኔ ነኝ» ብሎ በበር የቆመው ልጅ ቤቱን ሳያጣ እንዲገባ መንገዱን ማበጀት ነው።