ቤቱ ሲሄድ አጥሩ ይቀራል

ነቀምቴ መጥቶ የኩምሳ ሞሮዳን ግቢ ያየ እንግዳ ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ እንጨት ሥራው፣ ፎቶ ስለተነሳበት በረንዳ። ስለ አጥሩና ስለ በሩ የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር ደግሞ ጀመረ» ማለታችሁ አይቀርም፤ በሉ!

የገዥ ግቢ አጥር ለሌባ ብቻ አይታጠርም። ማን ከደጅ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ማን እስከ አዳራሽ፣ ማን እስከ እልፍኝ እንደሚዘልቅ የሚለየው እሱ ነው። ደጅ መጥናት የምንለው ነገር ቦታው እዚያ ነው። የኩምሳ በር ደግሞ ከዚህም በላይ ነበር። ከ1874ቱ የእምባቦ ጦርነት በኋላ አባታቸው ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ገብረው ሌቃ ነቀምቴ የራሷን ገዥ ይዛ ቀረች። ኩምሳም ክርስትና ተነስተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። እንግዲህ የሚገበረው ወርቅ የሚወጣበት፣ የንጉሡ ደብዳቤ የሚገባበት ያው ደጅ ነው። ደብዳቤዎቹን አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋቸዋል። ያላነበባችሁ ፈልጉት፤ የወለጋን ታሪክ ከምንጩ ታገኙታላችሁ።

ቤት ግን ያልፋል። ቤቱ አልፎ አጥሩ ብቻ ሲቀር ምን ሊነግረን እንደሚችል ለማየት ጎንደር ድረስ ልውሰዳችሁ። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አዘዞ አለ። ዐፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ከተማቸው ደንቀዝ ሳለ ማረፊያ የሠሩት አዘዞ ላይ ነው። ስሙንም ገነተ ኢየሱስ አሉት። በግዕዝ ገነት ማለት መጀመሪያውኑ የአትክልት ቦታ ነው፤ ቃሉ እዚያ ከነትርጉሙ ተተክሎ ነበር። ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ፣ አገር ተፋጀ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚያው ዓመት ሞተው የተቀበሩትም እዚያው ነው።

የማድሪድ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን ሲቆፍሩ ያገኙት ቅጥር፣ የማማ መሠረትና የውሃ ገንዳ ነው። የንጉሡ አልጋ የት እንደነበር ባናውቅም፣ ውሃው የት ይጠራቀም እንደነበርና አጥሩ ምን ያህል መሬት ይከብብ እንደነበር ግን ይታያል። ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ገንዳው ከቅጥሩ ተለይቶ ቢገኝ ኖሮ ተራ ኩሬ በመሰለን ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤቱ ቆሟል፣ ባለቤቶቹ ናቸው የሄዱት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደርግ ቤተሰቡን አስሮ ወደ አዲስ አበባ ወሰደ። እንጨትና ጭቃ ጣሪያው ካፈሰሰ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ ለእድሳት ቅድሚያ ቤቱ ማግኘቱ ትክክል ነው። የሚያሰጋኝ ሌላው ነው። ቤት ሲፈርስ ሁሉም ይጮሃል፤ ከአጥር ላይ ግን አንዱ ለመሠረት፣ ሌላው ለምድጃ አንድ አንድ ድንጋይ ሲወስድ ማን ልብ ይለዋል? የድሮ በርም «ለመኪና ጠበበ» ተብሎ በግማሽ ቀን ይሰፋል። በየከተማችን ያሉት የባላባት ግቢዎችማ ጠባቂም የላቸው።

ስለዚህ ደምቢዶሎ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ ያላችሁ፦ በአካባቢያችሁ የድሮ ግቢ ካለ የአጥሩንና የበሩን ምሰሶዎች ፎቶ አንሱልኝ። በምሰሶዎቹ መካከል ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ። በዚያ በር ማን ይገባ እንደነበር፣ ማን በሌላ በኩል ይዞር እንደነበር ሽማግሌዎችን ጠይቁ። አስተያየት መስጫው ላይ ብትለጥፉት ሁላችንም እናየዋለን።