ከዩሪያው በፊት የውሃው መውጫ

በአገራችን ዘመናዊ ማዳበሪያ ለአርሶ አደሩ በስፋት መዳረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በአርሲ ሥራውን ሲጀምር፣ በ1971 ደግሞ አነስተኛ የፓኬጅ ፕሮግራም ተከተለ።

በበቆሎ ረገድ ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1993 ነው። በዚያ ዓመት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሠርቶ ማሳያ ሥራውን ጀመረ፤ የባኮ ምርምር ማዕከልም ቢኤች 660 የተባለውን ዲቃላ ዘር ለቀቀ። በ1995 አሠራሩ አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሆነ። ምክሩም ለሁሉም አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። በዚህ መጠን 64 ኪሎ ናይትሮጅን ለማሳው ይደርሳል።

ችግሩ መሬቱ አንድ አለመሆኑ ነው። ውሃ በሚያሳልፈው ቀይ አፈር ላይ ያማረው በቆሎ፣ ውሃ በሚቋጥረው ዋልካ ላይ በሐምሌ ቢጫ ይሆናል። ውሃ የተኛበት አፈር አየር ያጣል፤ ሥሩም ይታፈናል። በአፈሩ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ለውጠው ያባክኑታል። ማዳበሪያውን በብድር የወሰደ ገበሬ ዩሪያው ቢባክንበትም ዕዳው አይባክንለትም።

የውሃን ነገር አባቶች ያውቁት ነበር። በጎጃም በማረሻ ፈሰስ ያወጣሉ፤ በሸዋ እነዋሪ አካባቢ በእጅ መደብና ቦይ ይሠራሉ። በቆሎውንም ይሸለሽላሉ። በ1986 የተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ፕሮጀክት ይህንኑ ዕውቀት መነሻ አድርጎ፣ ከማረሻ የተሠራ የሰፊ መደብ ማውጫ መሣሪያ (ቢቢኤም) አቀረበ። መሣሪያው ለበሬ መክበዱ አንዱ እንቅፋት ሆነ። ሌላው እንቅፋት ግን ከመሣሪያ በላይ ነው፤ ከአንዱ ማሳ የወጣ ውሃ ታች ያለውን ጎረቤት ማሳ ያጥለቀልቃል፣ ቁልቁለት ከሆነም ቦረቦር ያወጣል።

ማዳበሪያ በኩንታል ተመዝኖ ለየአባሉ ይታደላል። የውሃ መውጫ ግን ለብቻ አይሠራም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ዳግም ከተጠናከሩ ወዲህ ማዳበሪያን ለአባላት በማድረስ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ቦዩን ግን አብዛኛው አባል እስካሁን በየግሉ ይቀዳል።

በ2010ዎቹ አጋማሽ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተክቷል፤ ምክሩም እንደ አፈሩ ዓይነት መለያየት ጀምሯል። በመሆኑም ከክረምቱ በፊት የአንድ ተፋሰስ አባላት ውሃው በማን ድንበር ወርዶ የት እንደሚያርፍ ሊስማሙ፣ ቦዩንም በጋራ ሊቀዱ ይገባል። ዩሪያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፍሎ፣ ዋናው ክፍል በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ውሃ ባልተኛበት ቀን ተጨምሮ ወዲያው አፈር ሊለብስ ይገባዋል። ይህ ሲሆን በውድ ዋጋ የተገዛው ማዳበሪያ ለበቆሎው ይደርሳል።