ምክንያቱን ያልገለጸ ሶፍትዌር

መልሱን ብቻ ጽፎ ስሌቱን ያላሳየ ተማሪ ሲሳሳት፣ መምህሩ ስሕተቱ ከየት እንደ ጀመረ ለማወቅ ይቸገራል። የዚህ ዓይነቱ ጉድለት በአውሮፕላን ላይ ሲደርስ ግን የሚያስከፍለው ሕይወት ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የበረራ መዝጋቢው ሲነበብ፣ አውሮፕላኑ ከሚገጥመው ነፋስ አንጻር አፍንጫው ምን ያህል ቀና እንዳለ ከሚለኩት ሁለት መሣሪያዎች የግራው እስከ 74.5 ዲግሪ ሲያመለክት፣ የቀኙ ከ15.3 ዲግሪ አለማለፉ ታወቀ። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የግራውን ብቻ በማመን አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ፤ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ግን ለአብራሪዎቹ አልገለጸም። የሁለቱን ልኬት አለመስማማት ማሳየት የነበረበት ማስጠንቀቂያም አልታየም፤ ይኸውም አምራቹ ማስጠንቀቂያውን በተጨማሪ ክፍያ ከሚገዛ ማመልከቻ ጋር በስሕተት አያይዞት ስለ ነበር ነው። ቀደም ሲል፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ያለቁበት አደጋ እስከ ደረሰ ድረስ፣ ስለ ኤምካስ ለአብዛኞቹ አብራሪዎች አልተነገረም ነበር።

አውሮፕላኑ ዳግም እንዲበር በአሜሪካ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲፈቀድ ኤምካስ ሁለቱን ልኬቶች እንዲያመሳክር፣ ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ከደረሰ እንዳይሠራ፣ አለመስማማታቸውም በአብራሪዎቹ ፊት እንዲታይ ተደርጓል።